የገበያው ዳር ቤትና የኮረብታው ቦታ

እትዬ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ በር አያንኳኩም። መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞሩታል። የጣራው ውሃ የት እንደሚወርድ ያያሉ፤ ግድግዳው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ያያሉ፤ በጃንጥላቸው ጫፍ ምርጉን ጫን ጫን ያደርጋሉ። ጎረቤት ብቅ ብሎ "ማንን ፈልገው ነው?" ካላቸው፣ "ቤቱን ነው" ይላሉ ፈገግ ብለው። ባለቤቶቹን የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ የምላቸው አከራዬን ነው። ቦንጋ ተወልደው ያደጉ፣ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡና ልጆቻቸውም አድገው ከቤት የወጡላቸው ሴት ናቸው። እኔ ከኮምቦልቻ ተመድቤ መጥቼ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሲያከራዩኝ ከሱቁ ሌላ ሥራ እንዳላቸው አላወቅሁም ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ። ሰው የሰለቸውን ያረጀ ቤት ይገዛሉ፤ ያድሱታል፤ ከዚያ ይሸጡታል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ቤት እንዲህ አድርገው ሸጠዋል። ከሁለቱ ባገኙት ትርፍ ነው የመጨረሻ ልጃቸውን ጅማ ያስተማሩት።

ይህን ሥራቸውን ከሩቅ ሆኜ እያየሁ ሳደንቅ፣ ነገሩ ወደ እኔም መጣ። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔና ወንድሜ የኮምቦልቻውን ቤት ሸጠን ተካፈልን። ድርሻዬ ባንክ ገባ። ከገባበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ። የሲሚንቶም፣ የዘይትም፣ የሁሉም ነገር ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ፣ የአባቴ ቤት እዚያ ባንክ ውስጥ በየወሩ አንድ ግድግዳ እየፈረሰ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤት ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ባልደረባ አለኝ። የቢታ ገነት ልጅ ነው፤ አባቱ ቡና ገበሬ ናቸው። ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣ ሰው ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ሆኖ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። ጭንቀቴን ስነግረው፣

"መሬት ያዢ" አለኝ።

"ባዶ መሬት ይሸጣል እንዴ?"

"ባዶውማ አይሸጥም። ቅዳሜ ነይ፣ የኔን ላሳይሽ።"

ቅዳሜ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ሄድን፤ ከዚያ በእግራችን ዳገቱን ወጣን። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ የኮረብታው ወገብ ላይ ነው። ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል፤ መሃሉ ላይ አንዲት የጭቃ ክፍል ቆማለች። በሯ ተቆልፏል፤ መስኮት የላትም። ቦታውን የገዛው በዚህች ክፍል ስም ነው። ሕጉ ባዶ መሬት እንደ ዕቃ እንዲሸጥ ስለማይፈቅድ፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሻጩ አንዲት ክፍል አቁሞ፣ ካርታ አውጥቶ፣ "ቤት" ብሎ ሸጠለት።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት።

"ምንም። ሣሩን አጭዳለሁ፣ አጥሩን አጠብቃለሁ። ከተማው ወደዚህ እየመጣ ነው፤ መንገድ ይወጣል ይባላል። ሲደርስ እሸጠዋለሁ።" አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "መሬት አይዝግም። ምስጥ አይበላውም። ተከራይ ቧንቧው ፈሰሰ ብሎ አይደውልልሽም።"

"መንገዱ በሌላ በኩል ቢወጣስ?"

"ያኔ ረዘም አድርጌ እጠብቃለሁ" አለና ሳቀ።

ከላይ ሆነን ሳየው ከተማው በሙሉ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ብቅ ያለ ቆርቆሮ ነበር። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ የዛገ። እሱ የሚያየው ቆርቆሮው ገና ያልደረሰበትን አረንጓዴውን እንደነበር አስታውሳለሁ። ያ ትዕግሥቱ ደስ አለኝ። እኔ ግን ነገ ዝውውር ብጠይቅ ወይም ብዛወር፣ ኮምቦልቻ ተቀምጬ የቦንጋን ሣር ሳስብ ልኖር ነው።

ቤት ገብቼ ለእትዬ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ያጣጥሉታል ብዬ ነበር።

"ልክ ነው ልጁ" አሉ። "መሬት ጥሩ ነው። እኔ ግን መጠበቅ አይሆንልኝም። ጠዋት ስነሳ የምሠራው ነገር ካላየሁ ያመኛል።" ከዚያ ሻይውን ወደ እኔ አስጠግተው፣ "አንድ ቤት አይቻለሁ። ብቻዬን አይቻለኝም። ከፈለግሽ እኩል እንግባ" አሉኝ።

ቤቱ ከገበያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ነው። ወንድማማቾች የወረሱት ነው፤ ለመካፈል ብለው ነው የሚሸጡት። ጠባብ፣ ጨለማ፣ ጣራው የዛገ፣ ወለሉ አፈር። ስገባ እርጥበቱ አፍንጫዬን ያዘው። ወዲያው ልወጣ ስል እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ መንገዱ አዞሩኝ።

"ቤቱን አትይ። ደጁን እይው።"

ደጁ ላይ ሰው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ሚኒባስ የሚጠብቀው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ቤቱ ግን ፊቱን አዙሮ፣ በሩን ወደ ጓሮ ከፍቶ ተቀምጧል። እትዬ የፊቱን ግድግዳ ከፍተው ሁለቱን ክፍሎች ሱቅ ሊያደርጓቸው፣ ወለሉን ሊሾ ሊያስደርጉ፣ ለጣራው አሸንዳ ሊያሠሩለት አስበዋል። እየተናገሩ በእጃቸው አየር ላይ በርና መስኮት ሲያወጡ፣ እኔም አብሬ አየሁት። በዚያው ሳምንት ውል ተፈራረምን፤ ካርታውም በሁለታችን ስም ዞረ።

ሥራው በበጋ ተጀመረ። እትዬ ሁልጊዜ የሚያሠሩት አንድ አናጢ አላቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለቱ ሲሠሩ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ነው የሚነጋገሩት፤ ሲጨቃጨቁ ግን ወደ አማርኛ ይመጣሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ "አንቺም እንድትፈርጂን ነው" አሉኝ ጋሼ።

ጋሼ የፊቱን ምርግ ባፈረሱ ቀን ከቢሮ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሁለቱም የተከፈተውን ግድግዳ እያዩ ቆመዋል። የቋሚዎቹ የታችኛው ጫፍ የለም። ምስጥ በልቶት ምርጉ ብቻ ነው ቀጥ አድርጎ የያዛቸው። ጋሼ አንዱን በእግራቸው ጫፍ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ። ቀጥለው የጎኑን ከፈቱ፤ እሱም እንደዚያው ነው።

እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሲያዩት አላወቁም ነበር?" አልኳቸው።

"አላወቅሁም። ከላይ ደህና ነበር፤ ስጫነውም አልሰረጎደም። ተሳስቻለሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "መርጬ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ከፈለግሽ የሱቁን ዕቃ ሸጬም ቢሆን ድርሻሽን እመልስልሻለሁ። ሳታፍሪ ንገሪኝ።"

ቢሮ ውስጥ ብዙ ስህተት አይቻለሁ። ስህተት ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያላክክበትን ነው። እኚህ ሴት ግን ወንድማማቾቹን አልወቀሱም፤ ጋሼን አልተቆጡም። ያን ቀን ድርሻዬን ብወስድ ኖሮ ከባንኩ ሌላ የማስቀምጥበት አልነበረኝም። ያስቀረኝ ግን እሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ስለፈለግሁ ነው።

"አብረን ነው የገባነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ተነሺ" አሉና እሳቸውም ተነሡ።

አዲሱ ሐሳብ ይህ ነበር። ጣራውን ሳያወርዱ በባላ ደግፎ ማቆም፤ ከሥሩ ዙሪያውን የድንጋይ መሠረት ማውጣት፤ ከዚያ የተበላውን ቋሚ አንድ በአንድ እያወጡ በአዲስ መተካት። ጋሼ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ሁሉን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል ባይ ናቸው። እትዬ አቅማችን አይችልም አሉ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ግንባታ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ስለ አቅማችን ብቻ ፈረድኩ፤ እትዬ ረቱ።

ሥራው ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ዝናቡ ቀድሞ መጣ። ቦንጋ ዝናብ ሲጀምር ይቅርታ አይጠይቅም፤ ጠዋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሊወርድ ይችላል። ቢሮ ተቀምጬ መስኮቱን እያየሁ ሳለ እትዬ ደወሉልኝ።

"የጓሮው ግድግዳ ወደቀ" አሉኝ፣ ሽንኩርት ተወደደ እንደሚሉ ሆነው። "ሰው አልተነካም። ጋሼ ቀድመው ሲሰነጠቅ ሰምተው ሁሉንም አስወጥተዋል።"

ፊት ለፊቴ ያለው ባልደረባዬ ወሬውን ከፊቴ አነበበው መሰለኝ ሳልነግረው ተነሣ። የሥራ ሰዓት እንዳለቀ አብረን ሄድን። ስንደርስ እትዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው፣ ቀይ ጭቃ ውስጥ ቆመው ያዝዛሉ። ጣራው በባላዎቹ ላይ እንደቆመ ነው። ከሱቃቸው ያመጡት ሰፊ ላስቲክ በወደቀው በኩል ተወጥሯል። ጎረቤቶች ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቦይ ይቆፍራሉ። ባልደረባዬ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ድንጋይ ለሚሸከሙት ተጨመረ። በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር፣

"ለዚህ ነው መሬት የሚሻለው" ይላል ድንጋዩን ደረቱ ላይ ይዞ።

እትዬ ሰምተውት፣ "ያንተን ኮረብታ ደግሞ አንድ ቀን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ድንጋዩን ወደ ግራ አድርገው" አሉት። በዚያ ሁሉ መሃል ሰው ሳቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከሥራ በኋላ ይመጣ ነበር። ማንም አልጠራውም። አንድ ቀን እንዳይደክመው ብዬ ስከራከረው፣ "የኔ ቦታ ላይ የሚሠራ ነገር የለም እኮ" አለኝ። ያኔ ነው በመጠበቅ ውስጥ ያለውን ብቸኝነት ያየሁት። እሱ ያለውን ሁሉ ያፈሰሰበት ነገር ሣር ከማብቀል በቀር ምንም አያደርግም፤ እኛ ግን በየቀኑ ወይ የፈረሰ ወይ የቆመ ነገር እናያለን።

ቤቱ ያለቀው በሚቀጥለው በጋ ነው። የፊቱ ሁለት ክፍሎች ወደ መንገዱ ተከፍተው ሰፋፊ በር ወጣላቸው። የኋላው መኖሪያ ኮርኒስ ተመታለት፣ ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ተቀባ። ስገባ ያን የመጀመሪያ ቀን ሽታ ፈለግሁት፤ የለም። ብርሃን ከፊት ገብቶ እስከ ጓሮው በር ይደርሳል። ጋሼ የመጨረሻውን መዝጊያ ሰቅለው ሲጨርሱ ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት፤ የተበላሸ ነገር ስላለ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ደስ ብሏቸው ነው።

ሊገዙ የመጡት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ከሺሺንዳ ቦንጋ ሚኒባስ ይነዳል፤ እሷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሁለት የስፌት መኪና አላት። ሴትየዋ የፊቱን ክፍል ስታይ መኪናዎቿን የት እንደምታቆም በዓይኗ ስትለካ አየሁ። ነገሩ አለቀ ብዬ ሳለሁ እትዬ ባልና ሚስቱን ይዘው ዙሪያውን ወሰዷቸው። ምስጡ የት እንደነበር፣ የትኛው ቋሚ እንደተለወጠና የትኛው እንዳልተለወጠ፣ የትኛው ግድግዳ እንደወደቀ አንድ በአንድ አሳዩ። እኔ ከኋላ ሆኜ ዋጋ ያስቀንሱናል ብዬ ፈራሁ።

"ይህን ሁሉ ለምን ይነግሩናል?" አላቸው ባልየው ግራ ገብቶት።

"ነገ ገበያ ውስጥ ስንገናኝ ፊቴን እንዳላዞር" አሉት።

ባልየው እንደፈራሁት ቅናሽ ጠየቀ። እትዬ ቀነሱለት። የቀረልን ትርፍ መጀመሪያ ካሰብነው ያንሳል፤ ግን ትርፍ ነው፤ ለሁለት ስንካፈለውም የእኔ ድርሻ ባንክ ቢቀመጥ ከሚያገኘው በብዙ ይበልጣል።

በዚያው ሰሞን የኮረብታው መንገድ ነገር እውነት ሆነ። ቀያሾች መጥተው ከባልደረባዬ አጥር ሥር ችካል ተከሉ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንዱ ደላላ ሲዘጋ ሌላው ይደውላል። አንድ ቀን ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ ከሰዓት ሲመለስ ቦታው የእሱ አልነበረም። በዚያች ጠዋት ያገኘው እኔና እትዬ በዚያ ሁሉ ጭቃና ዝናብ ካገኘነው ይበልጣል። አልዋሽም፣ ትንሽ ቀናሁ። ማታ ለእትዬ ስነግራቸው ግን እጃቸውን አጨብጭበው ሳቁ።

"ደግ አደረገ። ስንት ዓመት ነው እዚያ ዳገት የወጣው። እኔ ብሆን በስድስት ወር ውስጥ ሸጬው ነበር።"

እሱ ራሱ ያን ያህል አልተደሰተም። "ምን ሠራሁ? ሣር ነው ያጨድኩት" ይላል ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለው። እኔ ግን ምን እንደሠራ በደንብ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታውን ያሸጠለት ደላላ ሌላ መሬት አገኘሁ ብሎ መጣ። ከከተማው ዳር፣ ቡናና እንሰት ያለበት የአንድ ገበሬ ይዞታ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ደላላው ወረቀቱን እኔ እጨርሰዋለሁ ይላል። ባልደረባዬ እኔንም ግማሹን ከፍለሽ አብረን እንግዛው አለኝ። መሬትን ደግሞ ልሞክረው ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ገበሬው ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ሚስታቸው ከቤቱ ጎን እንሰት ትፍቃለች፤ ሰላም ብላን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደላላውና ገበሬው ሲነጋገሩ ባልደረባዬ አልሰማቸውም። ወደ ሴትየዋ ሄዶ ቁጢጥ አለና በካፊኖኖ አነጋገራት። ሴትየዋ መፋቂያውን አስቀምጣ ረዘም አድርጋ መለሰችለት፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ተነሣና ወደ እኛ መጣ። ለገበሬው በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ "አባቴ፣ ከባለቤትዎ ጋር ሳይነጋገሩ ነው የጠሩን። እኛ እንሂድ" አላቸው። ገበሬው መሬት መሬት አዩ።

መንገድ ላይ ደላላው ተናደደ። "አንተ ብትተወው ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል።"

"ይውሰደው።"

"ዋጋው በዓመቱ እጥፍ ነው!"

"አውቃለሁ" አለው።

ደላላው ቀድሞን በባጃጅ ሄደ። እኛ በእግር ወረድን። ሴትየዋ ምን እንዳለችው ጠየቅሁት።

"ከወላጆቹ የመጣ መሬት አይደለም አለችኝ፤ ቡናውን አብረው ነው የተከሉት። ሰው ሊያየው እንደሚመጣ የሰማችው ዛሬ ጠዋት ነው።" ትንሽ ሄደና፣ "የእናቴን መሰለኝ አነጋገሯ" አለ።

"አልቆጨህም?"

"ቆጭቶኛል" አለ። "ጥሩ መሬት ነው።"

በኋላ ሌላ ሰው ገዛው ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ እንሰት የምትፍቅ ሴት አላየሁም። እሱ ግን ነገሩን ዳግመኛ አላነሣውም። ባገኘው ትርፍ ለራሱ መኖሪያ የሚሆን ቦታ በጨረታ ወስዶ ወዲያው መሠረት አወጣ። ባለቤቱ "ይኼንንስ መቼ ነው የምትሸጠው?" ብላ ስትቀልድበት፣ "ይሄ አይሸጥም" ይላል። ሥራውን የሚሠሩለት ጋሼ ናቸው።

አዲስ ተመድበው የሚመጡ ልጆች አሁን ይጠይቁኛል፤ መሬት ይሻላል ወይስ ቤት እያሉ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። መሬት ጭንቀቱ አንድ ነው፣ እሱም ረጅም ነው፤ የት ይደርሳል የሚለውን አንተ አትወስንም፤ ሲደርስ ግን አንድ ጠዋት ይበቃል። ከማን እጅ እንደመጣ ካልጠየቅህ ደግሞ የሌላ ሰው ቡና ላይ ልትቆም ትችላለህ። ቤት በየቀኑ ነው የሚያስጨንቅህ፤ ትርፉ ያንሳል፤ ግን ያበላሸኸውን ራስህ ማቃናት ትችላለህ። ይህን ስላቸው "እና የቱ ይሻላል?" ይሉኛል እንደገና። እኔ ግን የማየው ሁለቱን ሰዎች ነው። ባልደረባዬ ቤት ቢያድስ በአንድ ወር ይሰለቸው ነበር፤ እትዬም መሬት ቢገዙ ሣሩን ነቅለው ይጨርሱት ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ የምንኖርበትን ግቢ ወደደው። እትዬ የኖሩበት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። ዋጋውን ከሰሙ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣

"ሸጥኩት" አሉኝ።

"ይህን ግቢ?"

"ሰውየው ይወደዋል። እኔ ደግሞ የሚሠራበት ነገር አልቀረኝም።" ሻይ ቀዱልኝ። "ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ቤት አለ፤ ሰፊ ነው፤ ጣራው ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። አንዱን ክፍል ላንቺ አስቤዋለሁ። በእርግጥ ክረምቱን ትንሽ ያፈስሳል።"

ዝውውር መጠየቅ የምችልበት ጊዜ በዚያው ወር ነበር። ወንድሜም ነይ እያለኝ ነበር፤ ማመልከቻ ግን አልጻፍኩም። ቅዳሜ ዕለት ጋሼና ባልደረባዬ መጥተው ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጫኑ፤ እትዬ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኔ ባልዲዎቹን ይዤ ከኋላ ወጣሁ። አዲሱ ቤት ስንደርስ መዝነብ ጀምሮ ነበር። ባልዲዎቹን የት የት እንደማስቀምጥ እትዬ በጣታቸው አሳዩኝ።